ካፌይን ውስጥ ያለ ፕላናሪያ ራስ አላበቅል ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ፕላናሪያ ሲቆረጥ የጎደለውን አካል መልሶ የሚያበቅል ትንሽ ጠፍጣፋ የውሃ ትል ነው። ይህ ጽሑፍ የተቆረጡ ትሎችን ካፌይን ባለበትና በሌለበት ውሃ አስቀምጦ እድገታቸውን ለሚያነጻጽር ሙከራ ነው፤ ከታች ያለው እያንዳንዱ አንቀጽ የሚጀምረው በሚያጋጥም ችግር ነው። ጤናማ ፕላናሪያ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ባለ ውሃ ውስጥ ሲቆረጥ ቁስሉ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይገጥማል። ብላስቴማ የሚባለው ነጣ ያለ ቡቃያ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን፣ የዓይን ነጥቦቹ ደግሞ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይታያሉ። ዘገየ የሚባለው ከዚህ አንጻር ነው።

ካፌይን ያልነካቸውም ሞቱ። ጥፋቱ የካፌይን አይደለም፤ መጀመሪያ ውሃውን ጠርጥሩ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ በመዳብ ቱቦ ካለፈ ደግሞ ለትሉ መርዝ ነው። ክሎሪን በክፍት ዕቃ 24 ሰዓት ሲቆይ ይተናል፤ ክሎራሚን የሚባለው ሌላው የውሃ ማከሚያ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። የታሸገ የምንጭ ውሃ ይሻላል። የተጣራ የባትሪ ውሃ ጨው ስለሌለው አይሆንም። ሌላው ምክንያት ምግብ ነው፦ ከመቁረጥ በፊት 7 ቀን አታብሏቸው፤ የጠገበ ትል ሲቆረጥ ከአንጀቱ የሚወጣው ውሃውን ያበላሻል። የሞተ ቁራጭ ካያችሁ ወዲያው በፒፔት አውጡት።

ካፌይን ውስጥ ያሉት ብቻ ተጠቅልለው ሟሙ። መጠኑ በዝቷል፣ ወይም ቡና ተጠቅማችኋል። ቡና አሲድና ሌሎች ብዙ ውህዶች ስላሉት ውጤቱን የካፌይን ነው ማለት አይቻልም። 100 ሚሊግራም ንጹህ ካፌይን በ100 ሚሊሊትር የምንጭ ውሃ አሟሙ። ከዚህ 1 ሚሊሊትር ወስዳችሁ 9 ሚሊሊትር ውሃ ስትጨምሩበት በሚሊሊትር 0.1 ሚሊግራም ይሆናል፤ ያንኑ ደግማችሁ ብታቀጥኑት 0.01። ያልተቆረጡ ትሎችን ለ48 ሰዓት ከትንሹ ጀምራችሁ ፈትኑ። ንጹህ የካፌይን ዱቄት ጥቂት ግራሙ ሰው ይገድላልና በፍጹም አትቅመሱት፤ በሚዛን እንጂ በግምት አትለኩት።

ጥቂት ቀን ደህና ቆይተው ደከሙ። ውሃው ተንኖ ካፌይኑ ወፍሯል። ሳህኑን ክደኑ፤ በየ48 ሰዓቱ ሙሉውን ውህድ በአዲስ ቀይሩ። ውሃ ብቻ መጨመር መጠኑን ያዛባል።

በአንድ ሳህን ያሉት ቁራጮች እኩል አላደጉም። አቆራረጡ ነው። ርዝመታቸው የሚቀራረብ ትሎች ምረጡ። በበረዶ ላይ በተቀመጠ እርጥብ የማጣሪያ ወረቀት ላይ ትሉ ተዘርግቶ ሲረጋጋ፣ መሃል ሰውነቱ ላይ ከሚታየው የመመገቢያ ቱቦ በፊት በአዲስ ምላጭ ቀጥ አድርጋችሁ አንዴ ቁረጡ። ዝርያውንም እወቁ፦ ነጩ ዴንድሮሲለም ላክቴየም ከኋላ ክፍሉ ራስ አያበቅልም፤ ካፌይን ኖረም አልኖረም።

ቁጥራቸው ጨመረ። ራሳቸው ተከፋፍለዋል። ትናንሽ ጉድጓዶች ባሉት የሙከራ ሳህን በአንድ ጉድጓድ አንድ ቁራጭ ብቻ አስቀምጡ።

እድገቱ በእርግጥ ዘግይቷል። ካፌይኑ አዘገየው ወይስ ጎዳው? ግማሾቹን ወደ ንጹህ ውሃ አዛውሩ፣ የቀሩት ካፌይን ውስጥ ይቆዩ፤ ሁለቱም ዓይኖች የታዩበትን ቀን ለእያንዳንዱ ቁራጭ መዝግቡ። ንጹህ ውሃ የገቡት ቡቃያ ማውጣት ከጀመሩ መዘግየት ነው። ካልጀመሩ ግን አዲሱን አካል የሚሠሩት ኒዮብላስት ሕዋሳት ሳይጎዱ አልቀሩምና በቀጠነ መጠን እንደገና ጀምሩ።