ደብረ ብርሃን ላይ ማንጎ አትመኙ

ከሸዋ ሮቢት የማንጎና የፓፓያ ችግኝ ይዞ ከሚመጣ ዘመድ ሁሉ ጋር እከራከራለሁ። እዚያ ታች ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ እኛ ደብረ ብርሃኖች 2,800 አካባቢ ላይ ነን። ችግኝ ስትገዙ መጀመሪያ የት እንደፈላ ጠይቁ።

ከብርዱ ይልቅ የሚጎዳው ውርጩ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት፣ ቀዝቃዛው አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅታው ይወርዳል። ማለዳ ግቢያችሁን ዞር ዞር በሉ። ሣሩ ነጭ ለብሶ የሚቆይበት ጥግ ላይ ቲማቲም አትትከሉ፤ ቅጠሉ ጠቁሮ ይጠወልጋል። እዚያ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ይሻላሉ። ጤና አዳም ከቤቱ በስተደቡብ ግድግዳ ሥር ይሁን፤ በበጋ ፀሐዩ በዚያ በኩል ነው።

አፕል ግን ብርዳችንን ይወደዋል፤ ያለ ብርድ በደንብ አያብብም። ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች አጠገብ ላጠገብ ትከሉ፤ አንዱ ብቻውን ፍሬው እምብዛም ነው።

አፈራችሁ ጥቁር ከሆነ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል፤ መደቡን ከፍ አድርጉት። ጦስኝ ለምትፈልጉ፣ መንዝ ላይ ማንም ሳይንከባከበው ይበቅላል፤ ድንጋያማ ቦታ ስጡትና ውሃ አታብዙበት።