በጣና ዳርቻ ምግብዎን ራስዎ የሚያበስሉበት ቤት ሲከራዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ዳር ወይም በዘጌ፣ ሐይቁ ዳር ቤት ተከራይቶ ጥቂት ቀናት ማረፍ ሆቴል የማይሰጠው ነፃነት አለው። ይህን ነፃነት የሚያበላሹት ስህተቶች አብዛኛዎቹ ጓዳ ውስጥ የሚሠሩ ናቸው።

የመጀመሪያው ቤቱን በፎቶግራፍ ብቻ መምረጥ ነው፤ ፎቶው የሚያሳየው በረንዳውንና ሐይቁን እንጂ ወጥ ቤቱን አይደለም። እኔ «ዕቃው የተሟላ» ተብዬ በተከራየሁት ቤት ያገኘሁት ክዳን የሌለው አንድ ድስት፣ ሽንኩርት እንኳ የማይቆርጥ ቢላዋና ባዶ የጋዝ ሲሊንደር ነበር፤ የመጀመሪያውን ማታ በዳቦና በሙዝ አለፍነው። ቀብድ ከመላክዎ በፊት መብራት ሲጠፋ በምን እንደሚበሰል፣ ውኃ ሲቋረጥ ሮቶ መኖር አለመኖሩን ይጠይቁ።

ሁለተኛው ዓሣን ከሰዓት በኋላ መግዛት ነው። አጥማጆች ማታ የጣሉትን መረብ ጠዋት ስለሚያነሱ ጥሩው ዓሣ የሚገኘው በማለዳ ነው። ስንጥቡን ገልጠው ቅላቱን፣ የዓይኑን ጥራት፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ መነሣቱን ይመልከቱ። ለጥብስ ቀረሶን የሚያህል የለም፤ ነጭ ዓሣ ቢጣፍጥም ሥጋው ውስጥ የተሰገሰጉ ቀጫጭን አጥንቶች ስላሉት ሕፃናት ላሉበት ገበታ አልመክረውም። አምባዛ ደግሞ ቅርፊት የሌለው በመሆኑ ብዙ ኦርቶዶክሳውያን ስለማይበሉት፣ የግቢውን ዘበኛ ምሳ ሊጋብዙ ካሰቡ ድስቱን ከመጣድዎ በፊት ይጠይቁት።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የከፋው፣ ውኃው ጥርት ብሎ ስለታየ ብቻ ልጆችን ዳር ላይ ማስዋኘት ነው። የቢልሃርዝያ ተውሳክ የሚወጣው ሣርና ደንገል በበዛበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ሲሆን፣ ወደ ሰውነት የሚገባው ቆዳን በስቶ ነው፤ ስለዚህ ውኃውን አለመጠጣት ብቻውን አይበቃም። ከሐይቁ የተቀዳ ውኃ ለገላ መታጠቢያም ቢሆን ፈልቶ ይቀዝቅዝ።

አጎበርንም በቤቱ ባለቤት ቃል አይመኑ። አካባቢው ወባማ ነው፤ በተለይ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ባሉት ወራት ትንኙ ይበረታል። የተቀደደ አጎበር ካልተሰቀለ አጎበር ብዙም ስለማይሻል የራስዎን ይዘው ይሂዱ፤ ጠርዙንም ፍራሹ ሥር ወትፈው ይተኙ።

ወደ ዘጌ የሚሻገሩ ከሆነ ዘይቱን፣ በርበሬውንና ሽንኩርቱን ከባሕር ዳር ገበያ ይሸምቱ፤ ቡናውን ብቻ ይተዉት፣ እሱ እዚያው ደጅዎ ላይ ነው። የመመለሻ ጀልባዎንም ለጠዋት ይቅጠሩ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ዕቃ ለጫነ ትንሽ ጀልባ አይመችም።