ጣርማ በርን በምን ማርሽ? ማንዋልና አውቶማቲክ በፈጣን መኪና ላይ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ጥር የገዛትን መኪና ሊያሳየኝ ከአዲስ አበባ መጣ። ያገለገለች ናት። ባለ 2 ሊትር ሞተር፣ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚነፋ) ያላት፣ ካምቢዮዋ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ። ደብረ ብርሃን ቤቴ ደርሶ ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ «ጋሼ፣ ሸዋ ሮቢት ወርደን እንምጣ» አለኝ። ተነሣን። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ልንገዛ ስንቆም የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ከፊት ጎማዎቹ ቀጭን ጭስ ይወጣል። ቆሎ የምትሸጠው ልጅ ሳትደነግጥ «ፍሬኑ ነው፣ ይቀዝቅዝላችሁ» አለችን።

ጥፋቱ የመኪናዋ አልነበረም። ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት ከጣርማ በር ዋሻ ጀምሮ ማርሹ ዲ ላይ ነበር፣ እግሩ ደግሞ ፍሬን ላይ። አይቼዋለሁ። በአዲስ መኪናው ላይ ላለመናገር ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ አሁንም ይቆጨኛል።

ፍሬኑ እስኪበርድ ቆመን ሳለ «ማንዋል ብገዛ ይሻለኝ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ለእሱ የመለስኩትን ነው እዚህ የምጽፈው፣ ትንሽ አስፍቼ። ሻርጃ ውስጥ ካምቢዮ ብቻ በሚሠራ ጋራዥ 7 ዓመት ሠርቻለሁ። ብዙ ውድ ካምቢዮ ፈትቼ ገጥሜአለሁ። ሥራውን መውደድ የጀመርኩት ግን ከዚያ በፊት ነው፤ አባቴ ከአዲስ አበባ ደሴ በሚያመላልሰው የጭነት መኪና ጎን ቁጭ ብዬ።

የፍጥነቱን ነገር አስቀድመን እንጨርሰው። ማንም ሰው በእጁ ከባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ፈጥኖ ማርሽ አይቀይርም። አሠራሩን ካወቃችሁ ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንዱ ፍሪሲዮን 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛን ይይዛል። ሌላው 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛን። በ2ኛ እየሄዳችሁ ሳለ 3ኛው ገብቶ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ቅያሬው አንዱ ፍሪሲዮን ሲለቅ ሌላው መያዙ ብቻ ነው፤ ጎማው ጉልበት አያጣም። የፖርሽ 911 ጂቲ3ን የቅርብ ትውልድ ብትወስዱ፣ በዚህ ካምቢዮ ከ0 ወደ 100 ኪሎሜትር በሰዓት የሚደርሰው በ3.4 ሰከንድ ነው። ያው መኪና በማንዋል 3.9 ይፈጅበታል። ማንዋሉ 17 ኪሎ ይቀልላል፤ እንዲያም ሆኖ ይቀደማል።

ታሪኩ የመጣው ከውድድር ሜዳ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1989 ፌራሪ ከመሪው ኋላ በጣት የሚቀየር ካምቢዮ ይዞ ፎርሙላ 1 ገባ። ሹፌሩ ናይጄል ማንሴል የመጀመሪያውን ውድድር ብራዚል ላይ አሸነፈበት። በ1997 ይኸው ዓይነት ካምቢዮ በፌራሪ ኤፍ355 ላይ ለገዢ ቀረበ። በ2003 ባለ ሁለት ፍሪሲዮን በጎልፍ አር32 ለሕዝብ መኪና ወጣ። ከዚያ በኋላ ፌራሪም ላምቦርጊኒም ማንዋልን ተዉት። ፖርሽ ግን ተመለሰ። በ2013 ጂቲ3ን ያለ ማንዋል ቢያወጣ ደንበኛው አኮረፈ። በ2016 ማንዋል ብቻ የሆነውን 911 አር በቁጥር 991 ብቻ አድርጎ ሠራ፤ በ2017 ጂቲ3 ራሱ ማንዋሉን መልሶ አገኘ። ሰው ግማሽ ሰከንድ እያጣ ገንዘቡን ለማንዋል ይከፍላል። ለምን እንደሆነ ከታች እመጣበታለሁ።

አሁን ወደ መንገዱ። ከጣርማ በር ዋሻ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ቁልቁለት ከ1,700 ሜትር በላይ ይወርዳል። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢቀየር ሦስት ጀሪካን ውሃ ያፈላል። የእህቴ ልጅ ያን ሁሉ እሳት አራት ፍሬን ላይ ሊያወርድ ነበር የተነሣው። ሙቀቱን የሚካፈል ሌላ አካል ደግሞ አለ፤ ሞተሩ ነው። ሞተሩ የሚካፈለው ግን በከባድ ማርሽ፣ ማለትም በ2ኛ ወይም በ3ኛ፣ ስትይዙት ብቻ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ማርሹን ዋሻው ጋ ቀንሱ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር። እዚያ ላይ ጉም አይጠፋም፤ ጭላዳም መንገድ ያቋርጣል፤ በፍጥነት የመግባት ጥቅም የለም። 3ኛ አስገቡና እግራችሁን ከነዳጁም ከፍሬኑም አንሡ። መኪናው ፍጥነቱን ይዞ ከወረደ ማርሹ ልክ ነው። እየጨመረ ከሄደ 2ኛ አድርጉ። ሞተሩ 3,500 ወይም 4,000 ዙር ላይ ይጮኻል። ይጩህ። ቤንዚን ሞተር ለዚያ ነው የተሠራው። ፍሬን ሲያስፈልግ ጠንከር አድርጋችሁ ለአጭር ጊዜ ርገጡ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። ለስለስ አድርጎ ሳይለቁ መያዝ ነው ሸራውን የሚያቃጥለው።

በዜሮ ማርሽ የምትወርዱ ሰዎች አላችሁ፤ ነዳጅ ለመቆጠብ። እባካችሁ ተዉት። በኢንጄክሽን የሚሠራ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ካልሰጣችሁት መርጨቱን ያቆማል። በዜሮ ስታደርጉት ግን እንዳይጠፋ ራሱን ለማዞር ያቃጥላል። በዜሮ የሚወርድ ሰው ነዳጁንም ይከፍላል፣ ፍሬኑንም ያጣል።

አውቶማቲክ የያዛችሁ መጀመሪያ የትኛው ዓይነት እንደሆነ እወቁ። በአሮጌዎቹ ላይ ከዲ በታች 2 እና ኤል አለ፤ ጎኑ ላይ ደግሞ ኦቨርድራይቭ ማጥፊያ ቁልፍ። ቁልፉን አጥፉ፣ ካልበቃ ወደ 2 አውርዱ። በቀበቶ የሚሠሩት የብዙዎቻችን ትንንሽ መኪኖች ቢ ወይም ኤስ አላቸው፤ ወደዚያ አውርዱ። ፈጣኖቹ፣ ባለ ሁለት ፍሪሲዮንም ሆኑ ባለ ቶርክ ኮንቨርተር (በፍሪሲዮን ፈንታ በዘይት ጉልበት የሚያስተላልፉ)፣ ማርሹን ራሳችሁ የምትመርጡበት ኤም የሚባል ቦታና ከመሪው ኋላ ሁለት መቀየሪያ አላቸው። በብዛት የግራው ይቀንሳል፣ የቀኙ ይጨምራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዱላው ዲ ላይ ሆኖ የግራውን ብትነኩ ማርሹ ይቀንሳል፤ ብዙዎቹ መኪኖች ግን ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ወደ ራሳቸው ሐሳብ ይመለሳሉ። መታጠፊያው መሀል ላይ 3ኛ ያላችሁት 5ኛ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለጣርማ በር ዱላውን ራሱን ወደ ኤም ውሰዱ።

ፍሬኑ ከሞቀ በኋላ ከሆነ ያወቃችሁት፣ ፔዳሉ ከለሰለሰ ወይም እየረገጣችሁት ካልያዘ፣ አንድ አንድ ማርሽ እየቀነሳችሁ መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ቁሙ። ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጉ። ውሃ አትድፉበት፤ የጋለ ዲስክ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

ማንዋሉ ላይ ቆየት ማለት እፈልጋለሁ፤ የምወደው እሱን ነውና።

የአባቴ መኪና ካምቢዮ ጥርሶቹን የሚያስማማለት ነገር አልነበረውም። ማርሽ ለመቀነስ ፍሪሲዮን ረግጦ ወደ ዜሮ ያወጣል፣ ፍሪሲዮኑን ለቆ ነዳጅ ይሰጣል፣ እንደገና ረግጦ ከባዱን ማርሽ ያስገባል። የሞተሩ ዙር ልክ ካልሆነ ካምቢዮው ይንጫጫል፤ ማርሹም አይገባም። ቁልቁለት ላይ አለመግባት ምን ማለት እንደሆነ ለሹፌር አይነገረውም። አባቴ ይህን በጆሮው ነበር የሚሠራው። «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» ይለኝ ነበር፤ ዛሬም የማውቀው ከዚህ የተሻለ ሕግ የለም።

ሻርጃ ስሄድ የፈጣን መኪና ሹፌሮች የሚኮሩበት ጥበብ ያው የአባቴ ሥራ ሆኖ አገኘሁት። ተረከዝና ጣት ይሉታል። በ4ኛ እየመጣችሁ መታጠፊያ ደረሰ እንበል። የቀኝ እግራችሁ መዳፍ ፍሬኑን ይርገጥ። ፍሪሲዮን ወደ ታች። ዱላው ወደ 3ኛ። ፍሬኑን ሳትለቁ የዚያው እግር የውጭ ጠርዝ ወይም ተረከዙ ነዳጁን አንዴ ነካ ያድርግ። ሞተሩ ያጓራል። ያኔ ፍሪሲዮኑን ልቀቁ። 4ኛ ላይ 2,500 የነበረው ዙር 3ኛ ላይ 3,300 አካባቢ ይሆናል፤ ነዳጁን የምትነኩት ለዚያ ልዩነት ነው። በትክክል ከሠራችሁት መኪናው ምንም አይነቀንቅም። ካልሠራችሁት ፊታችሁ ወደ መሪው ይሄዳል። ከኋላ የሚነዳ ኃይለኛ መኪና ከሆነ ደግሞ በዝናብ አስፋልት ላይ የኋላ ጎማው ይንሸራተታል።

መጀመሪያ ሞተር አጥፍታችሁ ቆማችሁ ተለማመዱ፣ እግር ቦታውን እስኪለምድ። ቀጥሎ ከደብረ ብርሃን ወጥቶ ባለው ሜዳ ላይ፣ ከኋላ መኪና ሳይኖር። ቁልቁለቱ ላይ የሚሞከረው መጨረሻ ነው። ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ ይህንን ሁሉ በራሱ ያደርገዋል፤ ስትቀንሱ የምትሰሙት ማጓራት እሱ ነው። ሰው ለማንዋል ገንዘብ የሚከፍለው ያንን ድምፅ በራሱ እግር ለማውጣት ነው። እኔ እረዳቸዋለሁ።

ሽቅቡ ሌላ ነው። ከደብረ ሲና ወደ ዋሻው ስትመለሱ ፊታችሁ የተጫነ የጭነት መኪና በሰው እርምጃ ይወጣል። ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ያለው ሰው ከኋላው በነዳጅ እየገፋ ሲንፏቀቅ ፍሪሲዮኑ ግማሽ ተይዞ ይፋጫል፣ ይሞቃል። ቁሙ፤ ፍሬን ያዙ፤ ክፍተት ሲፈጠር ሙሉ በሙሉ ተነሡና ሂዱ። ዳገት ላይ መኪናን በነዳጅ ይዞ መቆም ማንዋሉንም ይህንንም እኩል ይበላል። ሻርጃ የመጡልኝ የተቃጠሉ ፍሪሲዮኖች ብዙዎቹ ከሩጫ የመጡ አልነበሩም፤ ከእንዲህ ዓይነት መንፏቀቅ እንጂ።

አየሩም አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። 300 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠላችሁ መኪና እኛ ጋ 220 አካባቢ ነው። ስለዚህ አንድ ማርሽ ዝቅ ብሎ መንዳት እዚህ ልማድ ይሁን። ቱርቦ ያለው ብዙም አይጎዳም፤ ግን ማንዋል ሲሆን ማርሽ ስትቀይሩ የቱርቦው ግፊት ይወርዳል፣ እንደገና እስኪነፋ ትጠብቃላችሁ። ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ እዚህ ላይ በግልጽ ይበልጣል።

ልትገዙ ከሆነ ሻጩን «ሞተሩን አታሙቅ፣ ጠዋት 1 ሰዓት እመጣለሁ» በሉት። የኅዳርና የታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ብርድ ለካምቢዮ ጥሩ ፈታኝ ነው። ማንዋል ሲሆን በቀዝቃዛው 2ኛን አስገቡ፤ ከተንጫጫ ማስማሚያው አልቋል። ከዚያ በ4ኛ በ40 ኪሎሜትር እየሄዳችሁ ነዳጁን እስከ ታች ርገጡ። ዙሩ ዘሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። አውቶማቲክ ሲሆን ዲ ስታስገቡ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ በጉልበት ከገጨ ተዉት። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተም ተዉት። ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ከ1ኛ ወደ 2ኛ ቀስ ብሎ ሲሄድ መንቀጥቀጥ የለበትም። ዘይቱ መቼ እንደተቀየረም ጠይቁ፤ በዘይት ውስጥ የሚሠሩት በየ60,000 ኪሎሜትሩ ገደማ ይፈልጋሉ። ወረቀት ከሌለ ዋጋው ላይ ተነጋገሩ።

ምርጫዬን ከጠየቃችሁኝ፣ አዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ የሚውል ሰው አውቶማቲክ ይግዛ። እዚህ የሚኖርና እዚህ የሚያስጠግን ማንዋል ይግዛ። የማንዋል ፍሪሲዮን የትኛውም የከተማችን መካኒክ በአንድ ቀን ይቀይረዋል። ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ ኮምፒውተርና የራሱ መፍቻ ይፈልጋል፤ ዕቃው እስኪመጣ መኪናው ጋራዥ ያድራል። የእህቴን ልጅ ግን «አትሽጣት» አልኩት። በማግስቱ ኤም ላይ አድርጎ እንደገና ወረደ፣ እኔ ከጎኑ። ደብረ ሲና ስንደርስ ጎማዎቹ ጋ ወርዶ አሸተተ። ምንም የለም።

በመጨረሻ ስለ ኤሌክትሪክ፣ ምክንያቱም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለ ብዙዎቻችሁ ወደዚያው ትሄዳላችሁ። እነዚህ በአብዛኛው አንድ ማርሽ ብቻ ነው ያላቸው፤ እንደ ፖርሽ ታይካን ከኋላ ሁለት ማርሽ ያለው ብርቅ ነው። ቁልቁለት ላይ የሚይዛቸው ሞተሩ ነው፣ ጉልበቱንም ወደ ባትሪ ይመልሳል። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን የሚመልስበት ቦታ የለውም፤ መያዙን ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን ሞልታችሁ ብትነሡ ችግር የለም፣ እስከ ዋሻው ያለው መንገድ ቦታ ያስለቅቃል። ደብረ ሲና አድራችሁ ጠዋት ወደ ሸዋ ሮቢት የምትወርዱ ከሆነ ግን 80 ከመቶ ላይ ንቀሉት።