ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል

ልብስ ሰፊ ነኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አንድ ብሎክ ሥር፣ ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ሲንጀሬ በሩ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ፊቱ ወደ ግቢው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የብሎኩን ልጆች ሳይ እውላለሁ። የትኛው ልጅ እንደሚጫወት ለማወቅ ግን ማየትም አያስፈልገኝም። እናቱ የምታመጣልኝ ሱሪ ይነግረኛል። የሚሮጥ ልጅ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ያልቃል። ተቀምጦ የሚውል ልጅ ሱሪ መቀመጫው ላይ ይሳሳል። አሁን አሁን የመቀመጫው በዝቶብኛል።

ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። የሚያስቀምጣቸው እኛው ነን። እኔም ራሴ አስቀማጭ ነበርኩ፣ እደርስበታለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብ ቶሎ ቶሎ የሚያስመታ እንቅስቃሴ ያድርጉ ይላል። ሲሰሙት ቀላል ነው። ሰዓቱን ግን ቁጠሩት እስቲ። የእኛ ሰፈር ልጆች 9፡30 ይለቀቃሉ። ሰርቪሱ ሌላውን እያራገፈ እዚህ ሲደርስ 10፡30 ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ክረምት ከበጋ ከ12 ሰዓት እስከ 12፡50 ገደማ ባለው ውስጥ ትጠልቃለች። የቀረው ብርሃን ከሁለት ሰዓት ብዙም አያልፍም። በዚያች ላይ መክሰስ አለ፣ የቤት ሥራ አለ፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ አስጠኚ ይመጣል። ልጁ ደብተሩን ሲዘጋ መሽቷል።

መጀመሪያ የምመክረው እንግዲህ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ከሰርቪስ እንደወረደ መክሰሱን ይብላና ይውጣ። የቤት ሥራ በአምፖል ይሠራል፣ አባሮሽ በአምፖል አይሆንም። መብራት ከጠፋስ? ያው ጠዋት ነዋ። አስጠኚ ካለ ከ12 ሰዓት በኋላ እንዲመጣ ተነጋገሩ። እኛ እንዲህ ካደረግን ወዲህ ልጄ የቤት ሥራውን ሳይነጫነጭ ይጨርሳል።

ቀጥሎ ልብስ ነው። እዚህ ላይ ሙያዬ ነውና ትንሽ ልቆይ። «ልብስህን እንዳታቆሽሽ!» እየተባለ የወጣ ልጅ ጥግ ይዞ ይቆማል። ዩኒፎርም ውድ ነው፣ እናቶችን አልወቅስም። ግን የጨዋታ ልብስ ለብቻው ይኑረው፣ በር አጠገብ ሚስማር ላይ የሚሰቀል። ያረጀ ሱሪ ይበቃል። ጉልበቱን ሳይቀደድ በፊት ጣፉት። ከአሮጌ ጂንስ ስፋቱ 15፣ ቁመቱ 20 ሳንቲሜትር የሚሆን ሁለት ቁራጭ ቁረጡ። የልጅ ሱሪ እግሩ ጠባብ ስለሆነ መኪናው ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በጎን በኩል ስፌቱን ከጉልበት በላይና በታች ፍቱት። ጨርቁ ሲዘረጋ መጣፊያውን በውስጥ በኩል አድርጋችሁ ዙሪያውን ሁለቴ ስፉት፣ ከዚያ ጎኑን መልሳችሁ ግጠሙ። በውጭ በኩል ከሆነ ልጁ ያፍርበታል። በእጅ መርፌም ይሆናል፣ ትዕግሥት ካላችሁ።

ወደ ኳሱ ልምጣ። እኛ ግቢ ኳስ ተከልክሎ ነበር። ጥፋቱ የልጆቹ ነው፣ አልሸፍንላቸውም። ምድር ቤት የሚኖሩ አንድ እማማ በርበሬ ሸራ ላይ አስጥተዋል። አንዱ የመታት ኳስ በርበሬው መሃል አረፈች። ሌላው ሊያነሳ ብሎ ገብቶ ረገጠው። እማማ ኳሷን በካራ ቀደው መልሰው ወረወሩላቸው። በማግስቱ ግቢው ጭር አለ። እኔ መጀመሪያ ቀን ደስ አለኝ፣ ጫጫታው ቀነሰ ብዬ። በሳምንቱ ልጆቹ በሙሉ ደረጃ ላይ ተደርድረው አንድ ስልክ ሲያዩ አገኘኋቸው። ያን ጊዜ ደነገጥኩ።

የካልሲ ኳስ ሠራሁላቸው። ልጅ እያለን እንደምንሠራው። አራት አምስት ፌስታል ጠቅልሎ መሃል ማድረግ፤ ለመንጠር የሚረዳው እሱ ነው። በላዩ ብጥስጣሽ ጨርቅ እያጠበቁ መጠቅለል፣ በሲባጎ ማሰር። ከዚያ ረጅም ካልሲ ውስጥ ማስገባት፣ አፉን መጠምዘዝ፣ ካልሲውን መልሶ በላዩ መገልበጥ፣ እስኪያልቅ እንዲሁ። መጨረሻውን በወፍራም ክር ስፉት። ይህ ኳስ መስታወት አይሰብርም፣ ሩቅም አይሄድም። ይዤ እማማ ጋ ሄድኩና «እማማ፣ በዚህ ይጫወቱ?» አልኳቸው። በእጃቸው መዘኑት። «በርበሬ የተሰጣ ቀን በወዲያ በኩል ይሁኑ» አሉ። በቃ። ልጆቹ ራሳቸው ሄደው እግራቸው ላይ ወድቀው ይቅርታ ጠየቁ። አሁን እማማ 11 ሰዓት ሲሆን በርጩማቸውን አውጥተው ይቀመጣሉ። ለወላጅም ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ብዙ እናት ልጇን የማታወጣው «ማን ያይልኛል?» ብላ ነው። ከአራተኛ ፎቅ ሆኖ መጠበቅ አይቻልም። ምድር ላይ ያለ አንድ ዓይን ፈልጉ፤ ሱቅ ያለው ሰው፣ ዘበኛ፣ እንደ እማማ ያለ። ሄዳችሁ ለምኑት፣ ሰው ደስ ይለዋል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ድረስ ከግቢው አትጠፋም ነበር። ከዚያ ቀረች። «አድጋ ነው» አልኩ። አንድ ቀን ከሱቅ ቀደም ብዬ ብገባ ወንድሟ ታች ኳስ ላይ ነው፣ እሷ ዕቃ እያጠበች ነው። ጠየቅኋት። «መቼ ልውረድ? ደግሞ በቀሚስ ልዝለል እንዴ?» አለችኝ። ልብስ ሰፊ አባት እያላት! የዚያኑ ማታ ከቀሚስ ሥር የሚለበስ ቁምጣ ሰፋሁላት። ዕቃው ከወንድሟ ጋር ተራ በተራ ሆነ፣ ያውም ከመሸ በኋላ። እናቷ አጉረመረመች፤ እሱ የሚያጥበው ሳህን ቅባቱ አይለቅም። ይልመዳ።

ከዚያ አራት ሜትር ላስቲክ ቆርጬ ሰጠኋት፣ ለሱዚ። ጠፍጣፋውን፣ የቀሚስ ወገብ ላይ የምናስገባውን። ክቡ ቁርጭምጭሚት ይቆርጣል። አንድ ላስቲክ ስድስት ሴት ልጆች ከቤት አወጣ። ከቁርጭምጭሚት ጀምረው ጉልበት፣ ወገብ፣ ብብት እያሉ ይወጣሉ። ብብት ላይ የደረሰች ልጅ ላብ ሲያጠምቃት ላየ 60 ደቂቃው እንዴት እንደሚሞላ ይገባዋል። ቴኳንዶና ዋና በወር ከፍሎ ማስተማርም መልካም ነው፣ አቅሙ ላለው። ግን እሱ በሳምንት ሁለት ቀን ነው።

ስልክን በተመለከተ ብዙ አልልም። መንጠቅ ጠብ ያመጣል። የእኔ ልጅ ስልክ የሚጥለው ታች ሆነው «ና ውረድ!» ሲሉት ብቻ ነው። ስለዚህ የሚጠራው ጓደኛ እንዲኖረው አድርጉ። የጎረቤት ልጅ ቤታችሁ መክሰስ ይብላ።

ክረምት ደግሞ ትምህርት ይዘጋና ዝናቡ ይመጣል። አዲስ አበባ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘንበው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ተኝተው ከሰዓት እንውጣ ካሉ አልቋል። ሦስት ሰዓት ላይ አስወጧቸው። ጭቃ ነው፣ አዎ፤ የጨዋታ ልብሱ ለዚህ ነው። ዝናብ ከያዘ የእኛዎቹ ኮሚናሉ፣ የጋራ መገልገያ ቤቱ ውስጥ ገመድ ይዘላሉ። እቃ ታጭቆበት ነበር፣ ኮሚቴውን ሦስት ጊዜ ለምነን ግማሹን ለቀቁልን።

ያልተሳካልኝ መኪና ነው። ግቢው ሞልቷል። ከ10፡30 እስከ 12፡30 ወደ አንድ ጥግ እንዲያቆሙ ስብሰባ ላይ አንስቼ ሁሉም እሺ አለ። የሚያነሱት ሁለት ሰዎች ናቸው። ልጆቹ በቀረችው ቦታ ሁለት ድንጋይ አቁመው ጎል ሠርተዋል፣ በረኛው አንዲት ነጭ ቪትዝ ላይ ተደግፎ ይቆማል። ባለቤቷ ትናንት ሱሪ ይዞልኝ መጣ። የልጁ ነው፣ ጉልበቱ ተቀዷል። «መኪናዋን ትንሽ ብታስጠጋት» አልኩት። ሱሪውን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።