መዳፍ የማይሞሉ ሮቦቶች፦ እኔ እንዴት እንደምሰበስብ

ደብረ ማርቆስ ላይ ሰዓት እጠግናለሁ። ሱሴ ግን ሌላ ነው፤ ትንንሽ የጃፓን ሮቦቶች። መኪና ሆነው ይቀመጣሉ፤ እጅና እግራቸውን ስትመዛቸው ሰው ይሆናሉ።

ያስጀመረኝ ሰልባጅ ነው። ለልጄ የገዛሁት ጃኬት ኪስ ውስጥ ጣት የምታህል ሞተር ሳይክል ተገኘች። ሳገላብጣት እግር አወጣች! በሌንስ ሳያት በትንንሽ ፊደል «ፖፒ» እና «ጃፓን» ተቀርጾባታል። ልጁ ጃኬቱን ወሰደ፤ ሞተሯ እኔ ጋ ቀረች።

ፖፒ ባንዳይ የተባለው የጃፓን መጫወቻ አምራች ቅርንጫፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ማሽን ሮቦ የሚባሉትን ማውጣት ጀመረ። አንዱ በ600 የን ነበር የሚሸጠው። አሜሪካ ውስጥ ቶንካ የተባለው ኩባንያ ጎቦትስ ብሎ ሸጣቸው። ሁሉም የሚያውቀው ትራንስፎርመርስ በ1984 መጣ፤ የአሜሪካው መጫወቻ አምራች ሀስብሮ ከጃፓኑ ኩባንያ ከታካራ መጫወቻዎች ተነስቶ ያወጣው ነው። ከትራንስፎርመርስ አንዱ የሆነው ቢጫው ባምብልቢ ያኔ የስፖርት መኪና አልነበረም። ቮልስ ነበር፤ የእኛው ቮልስ።

ለጀማሪ ምክሬ፦ መጀመሪያ ወሰን አብጅ። የኔ ወሰን ሁለት ነው። አንደኛ፣ መዳፌ ውስጥ ይግባ። ሁለተኛ፣ ከማርቆስ ባሕር ዳር ስሄድ መንገድ ላይ ያየሁት ዓይነት ተሽከርካሪ ይሁን። ሞተር፣ ስካቫተር፣ የሲሚንቶ ማደባለቂያ፣ ቮልስ። ጄትና ታንክ አልገዛም። ወሰን የሌለው ሰው ሁሉን ያምረዋል፤ ከዚያ ኪሱ ባዶ ይቀራል።

በኢንተርኔት ከጃፓን ሻጮች ስትገዛ ካርቶን አትግዛ። ያልተከፈተ ዕቃ ዋጋው የካርቶኑ ነው። ጃፓኖች ያልተከፈተውን «ሚካይፉ» ይሉታል፤ እሱን እለፈው። «ጃንኩ» የሚለውን ፈልግ። የተሰበረ፣ የጎደለው ወይም ሻጩ ያልሞከረው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ በጅምላ ይሸጣል። መፍቻ ለያዘ ሰው ገነት ነው። ፎቶውን ግን አጉላው። በሮቦትነቱ ከኋላ የተነሳ ከሌለ ጠይቅ፤ የጎደለ እጅ የሚደበቀው ጀርባ ላይ ነው። የተቀረጸው ዓመተ ምሕረት አያታልልህ። የባለቤትነት መብቱ ዓመት ነው፤ ዕቃው ራሱ ከዚያ በኋላ የተመረተ ሊሆን ይችላል።

ብዙ የጃፓን ሻጮች ወደ ውጭ አይልኩም። እዚያው ተቀብሎ፣ አጠራቅሞ የሚልክ አገናኝ ያስፈልጋል። ለኔ የምትከፍልልኝ ውጭ ያለች የእህቴ ልጅ ናት። መጀመሪያ አንዲት ስካቫተር ለብቻዋ አስልኬ ማጓጓዣው ከዕቃው በለጠ። አሁን ስድስት ሰባት እስኪሞላ እጠብቃለሁ። ባለፈው ወደ አገር የሚመጣ ዘመድ በካልሲ ጠቅልሎ አመጣልኝ፤ አንድም አልተሰበረ።

እጅህ ሲገባ አትቸኩል። የማርቆስን የሐምሌ ጠዋት ታውቀዋለህ። ፕላስቲክ ሲበርደው ይሰባበራል። መጀመሪያ በእጅህ አሙቀው። እምቢ ካለህ አታስገድደው፤ ወይ ቅደም ተከተሉን ስተሃል ወይ ሌላ ክፍል ይዞታል። ወርቃማ ብልጭልጭ የተቀላቀለበት ፕላስቲክ ካለው ደግሞ ባትነካው ይሻላል። እርጅናው ክፉ ነው፤ ዝም ብሎ ይፈረካከሳል።

ብሎኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሙያዬ ነገር ነው። የጃፓን መስቀል ብሎን ከተለመደው መስቀል መፍቻ ጋር ልክ አይገጥምም። ይመስላል እንጂ ይንሸራተታል፤ ጭንቅላቱን በልቶት ያርፋል። ለጃፓን ብሎን የተሠራ መፍቻ ካገኘህ ደህና። ካላገኘህ ጫፉ ሙሉ በሙሉ የሚቀመጥልህን ምረጥ፣ ወደ ታች ተጭነህ ቀስ ብለህ አዙር። የላላ እግር ብዙ ጊዜ ብሎኑን ሩብ ዙር በማጥበቅ ይድናል። ኳስ መገጣጠሚያ ያላቸው አዳዲሶቹ ሲላሉ ኳሱን ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም በስሱ እቀባዋለሁ። በደንብ ሳይደርቅ መልሰህ ከገጠምከው ግን ተጣብቆ ይቀራል።

አሴቶን በጭራሽ! አንዱን የማደባለቂያ ሮቦት ከሙጫ አጸዳለሁ ብዬ ፊቱን አሟሟሁት። አሁን ዓይን የለውም። ለብ ያለ ውኃና ትንሽ ሳሙና ይበቃል፤ ስቲከሩን አታርጥብ። ብርማውን ቅብ አትፈትግ። ከዚያ ወዲያው አድርቅ፤ የውስጥ ሽቦው ይዝጋል።

አሮጌ ካልፈለግህ ርካሽ አዲስም አለ። ሳንቲም ከትተህ ከማሽን የምታወጣው ጋሻፖን አለ። ሾኩጋን የሚባለው ደግሞ ከረሜላ ወይም ማስቲካ ያለበት መጫወቻ ነው። ማስቲካው ሰበብ ነው። ከሁሉ የምወደው የባንዳይን ሞጂ ባኬሩ ነው፤ የጃፓን ፊደሉ ተገልብጦ ራሱ የሚጠራውን እንስሳ ይሆናል። «ውሻ» የሚለው ፊደል ውሻ ሲሆን አስበው። የእኛ «በ» በግ ብትሆን ብዬ በወረቀት ሞክሬ ነበር። እግሮቿ ሁለት ብቻ ናቸው፤ አልቆመችም።

ማስቀመጫ፦ ከፀሐይ አርቅ። ነጩ ሮቦቴ መስኮት አጠገብ ከርሞ የቅቤ መልክ ያዘ። አሁን ሁሉም በሰዓት ካርቶን ውስጥ ናቸው፤ ሞተሯ ብቻ ጠረጴዛዬ ላይ አለች። ሰዓት ሊያሠሩ የመጡ አንድ አባት አንስተው አዩዋትና «ይችም ተበላሽታ ነው?» አሉኝ። እግሯን አወጣሁላቸው። ሰዓታቸውን ረስተው ሄዱ።