የልብ ወለድ ሴራ ሲቋጠር፦ ድብቁን አእምሮ ሲያሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ታሪኩ ምዕራፍ ሰባት ላይ ቆሞ አልነቃነቅ ሲል «ተወው፣ ራሱ ይመጣል» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ምክሩ ሐሰት አይደለም፤ ጎደሎ ነው። ድብቁ አእምሮ፣ ማለትም ሳናውቀው ከጀርባ የሚያስበው የአእምሯችን ክፍል፣ የሚሠራው በተሰጠው ነገር ላይ ብቻ ነው።

ሳይደክሙ መተው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦንሪ ፖንካሬ ለሽርሽር ወጥቶ የሕዝብ ማመላለሻ ሠረገላ ላይ እግሩን ሲያሳርፍ መልሱ ብልጭ እንዳለለት ይወራለታል። ከዚያ በፊት ለ15 ቀናት በየዕለቱ አንድ ሁለት ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሲታገል መክረሙን ግን ወሬው ይዘለዋል። ደራሲም ሦስት አራት የማያረኩ መውጫዎችን ጽፎ ሳይጥል ብዕሩን ቢያስቀምጥ ሥራ ፈታ እንጂ ለአእምሮው ሥራ አልሰጠም።

ደብዛዛ ጥያቄ ይዞ መተኛት። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። «ምዕራፉ አልጣመኝም» እሮሮ እንጂ ጥያቄ አይደለም። አልማዝ የምትባል ገጸ ባሕሪ የሟች ወንድሟን ደብዳቤ ሳጥን ውስጥ አግኝታ ሳትከፍተው መለሰችው እንበል። ደብዳቤው እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ሳይከፈት መቆየቱ የሚያስፈልገው ለደራሲው ነው፤ እሷ ላለመክፈት ምክንያት የላትም፣ አንባቢም ወዲያው ይነቃል። «ምስጢሩን እንዴት ላቆየው?» ብሎ መጠየቅ የደራሲውን ችግር ማስላት ነው። ከመተኛትዎ በፊት ይልቅ «አልማዝ ብትከፍተው ምን ታጣለች?» ብለው ወረቀት ላይ ይጻፉ። እንዲህ ሲጠየቅ ሌላ ዓይነት መልስ ይመጣል፦ ደብዳቤው እስካልተከፈተ ድረስ ወንድሟ ገና ያልነገራት ነገር አለ፤ ከተከፈተ ግን ሞተ።

ዕረፍቱን በስልክ መሙላት። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የበርካታ ጥናቶች ትንተና እንደሚያሳየው፣ የቃላት እንቆቅልሾችን ለመፍታት በመሃል በሚወሰድ ፋታ ከከባድ ሥራም ከባዶ ዕረፍትም ይልቅ ቀላል ሥራ ይረዳል። ዕቃ ይጠቡ፣ ቡና ይቁሉ፣ በእግር ይሂዱ። በየሰከንዱ አዲስ ነገር የሚያቀርብ ስክሪን ቀላል ሥራ አይባልም።

«ጠዋት አስታውሰዋለሁ» ማለት። ሕልም እልም የተባለው ያለ ነገር አይደለም። የመድኃኒት ሳይንስ ተመራማሪው ኦቶ ሎዊ በሌሊት ነቅቶ የሙከራውን ሐሳብ ብጣሽ ወረቀት ላይ ሞነጫጨረ፤ ጠዋት የራሱን ጽሕፈት ማንበብ አቃተው። በማግስቱ ሌሊት ሐሳቡ ተመለሰለትና በቀጥታ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1936 የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። ሐሳብ ሁለት ጊዜ በር የሚያንኳኳለት ደራሲ ግን ብዙ አይደለም፤ መብራት አብርተው፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርገው ይጻፉት።

የመጣውን ሁሉ እንደ ራእይ መቀበል። በእንቅልፍ ልብ ድንቅ የመሰለ ነገር በቀን ብርሃን ተራ ሊሆን ይችላል። ፖንካሬ እንኳን እርግጠኛ ሆኖ ሳለ ከጉዞው ሲመለስ ማረጋገጫውን ሠርቷል። የልብ ወለድ ማረጋገጫ ደግሞ ያለፉትን ምዕራፎች እንደገና ማንበብ ነው። አልማዝ ምዕራፍ ሁለት ላይ የጎረቤቷን ደብዳቤ እንደ ዋዛ ቀድዳ አንብባ ከሆነ፣ ወይ ያ ትዕይንት ይለወጣል፣ ወይ የሌሊቱ መልስ ይጣላል።