ሙስታንግ፣ ካማሮ ወይስ ቻሌንጀር? በዋጋም በአነዳድም እንዴት ታወዳድራላችሁ

መስል ካር፣ ማለትም ትልቅ ሞተር ያለው ጉልበተኛ የአሜሪካ መኪና፣ ልግዛ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት የፈረስ ጉልበት እንዳለው ነው። ቁጥሩ ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም። መኪናው ኩርባ ላይ ምን እንደሚያደርግ ወይም በዓመት ስንት እንደሚያስወጣችሁ አታውቁበትም። አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ መኪና ለምትፈልጉ እኔ የምከተለውን መንገድ ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. እኩያን ከእኩያ አሰልፉ

ከ2018 እስከ 2021 የተሠራው ሙስታንግ ጂቲ ባለ 5.0 ሊትር ሞተር ሲሆን 460 የፈረስ ጉልበት አለው። ከ2016 ወዲህ ያለው ካማሮ ኤስኤስ 6.2 ሊትር፣ 455 ነው። ቻሌንጀር ስካት ፓክ ደግሞ 6.4 ሊትር፣ 485። እነዚህ ይወዳደራሉ። ሲጀመር በ707 ጉልበት የመጣውን ቻሌንጀር ሄልካት ከሙስታንግ ጂቲ ጋር ማሰለፍ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ስምና ቅርጽም አያታልላችሁ። ባለ አራት ሲሊንደር ሙስታንግም ካማሮም አለ፣ ከሩቅ ሲያዩት ያው ነው።

የካማሮና የቻሌንጀር ምርት በ2023 መጨረሻ አብቅቷል። ስለዚህ አዲስ ሙስታንግን ከአምስት ዓመት ካማሮ ጋር አታስተያዩ። ያን ጊዜ የምታወዳድሩት ዕድሜያቸውን ነው።

2. ክብደቱን ለጉልበቱ አካፍሉ

ሙስታንግና ካማሮ 1,700 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። ቻሌንጀር 1,900 አካባቢ ነው። ስታካፍሉት በሁለቱ ላይ ለአንድ ፈረስ 3.7 ኪሎ ያህል ሲደርስ በቻሌንጀር 3.9 ይሆናል። በወረቀት ላይ ጉልበተኛው እሱ ነበር። ያ 200 ኪሎ ፍሬን ስትይዙና ኩርባ ስትገቡ በደንብ ይታወቃችኋል።

3. ጉልበቱ መቼ እንደሚመጣ ስሙት

ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ባዶና ቀጥ ያለ መንገድ ፈልጉ። በሦስተኛ ማርሽ፣ 2,000 ዙር ላይ ሆናችሁ ነዳጅ ስጡት። ካማሮና ቻሌንጀር ወዲያው ከወንበሩ ጋር ያጣብቋችኋል። ሞተራቸው ትልቅ ስለሆነ ከታች ጀምሮ ይጎትታሉ። ሙስታንግ ሞተሩ አነስ ያለ ነው፣ ግን ከፍ ባለ ዙር እንዲሠራ የታሰበ ነው። ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው 7,000 ዙር ላይ ነው። እስከዚያ እየጮኸ ይወጣል። በማኑዋል ካምቢዮ መጫወት የሚወድ ሰው ይሄን ድምፅ ይናፍቀዋል። ጠዋትና ማታ ትራፊክ ውስጥ ለሚውል ግን የሁለቱ ዓይነት ይቀለዋል።

4. ሦስቱንም በአንድ መንገድ ንዱ

ቢቻል በአንድ ቀን ይሁን። ከሀይዌይ የሚያስወጣውን ክብ ኩርባ ምረጡና በተፈቀደው ፍጥነት ግቡ። መሃሉ ላይ መኪናው መስመሩን ይይዛል ወይስ ወደ ውጭ ይገፋል? የተሰባበረ አስፋልት ሲያገኝ ኋላው ይዘላል? እስከ 2014 ድረስ የሙስታንግ የኋላ ጎማዎች በአንድ ድፍን አክስል የተያያዙ ነበሩ። አንዱ ጉድጓድ ሲመታ ሌላውም ይረበሻል። ከ2015 ጀምሮ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይንቀሳቀሳል። ልዩነቱን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

በእኔ እምነት ኩርባ ላይ ካማሮን የሚያህል የለም። ከካዲላክ ኤቲኤስ ጋር አንድ መሠረት ይጋራል፣ መንገዱ መሪው ላይ ይሰማችኋል። ችግሩ እይታ ነው። መስመር ልትቀይሩ ዞር ስትሉ ከመንገዱ ይልቅ የሚታያችሁ የመኪናው አካል ነው። ስለዚህ ወንበሩን አስተካክላችሁ ከፓርኪንግ ወደ ኋላ ሳትወጡበት እንዳትገዙት። ቻሌንጀር ወንበሩ ሰፊ ነው፣ ኋላም አዋቂ ሰው ይቀመጣል። ከዲሲ አትላንታ ለሚመላለስ ሰው እሱን እመርጥለታለሁ።

መኪናውን ከመውቀሳችሁ በፊት ግን ጎማውን እዩ። ጎማው ጎን ላይ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች 2319 ካሉ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ያረጀ ጎማ ጥሩውን መኪና መጥፎ ያስመስለዋል። የሰመር ጎማም በብርድ ይደርቃል፣ አስፋልቱን አይነክስም። ጥር ላይ ሜሪላንድ ውስጥ በሰመር ጎማ የተሞከረ ካማሮ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

5. የዓመቱን ወጪ ቁጠሩ

ለእያንዳንዱ መኪና ኢንሹራንስ፣ ቤንዚን፣ ጎማ፣ ጥገናና በዓመት የሚወርደውን ዋጋ ጻፉ። የመጨረሻውን ለማግኘት ያው መኪና በሁለት ዓመት የሚበልጠው ስንት እንደሚሸጥ እዩና ልዩነቱን ለሁለት አካፍሉ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፣ ብዙውን ጊዜ ትልቁ ወጪ ግን እሱ ነው።

ለኢንሹራንስ ቪን ቁጥሩን (የመኪናውን መለያ ቁጥር) ሰጥታችሁ ሳትፈርሙ ዋጋ ጠይቁ፣ በተለይ ቻሌንጀርን ለሚሠራው ለዶጅ። በ2023 የወጣው የኤችኤልዲአይ (የኢንሹራንስ መረጃ የሚያጠና የአሜሪካ ተቋም) ጥናት እንደሚለው ከ2020 እስከ 2022 የተሠራው ቻርጀር ሄልካት፣ የቻሌንጀር ባለ አራት በር ወንድም ማለት ነው፣ የሚሰረቀው ከአማካዩ መኪና ከ60 እጥፍ በላይ ነው። ሙስታንግ ጂቲ ጉልበቱ ትንሽ ቢቀንስም መደበኛ ቤንዚን ይቀበላል፣ ለሌሎቹ ሁለቱ ግን የሚመከረው ውዱ ነው። ለውድድር ትራክ የተዘጋጀው 1ኤልኢ ጥቅል ያለው ካማሮ ኤስኤስ የኋላ ጎማው 305 ሚሊሜትር ስፋት አለው። የአራቱን ዋጋ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ያም ሆኖ አነዳድና ዋጋ አንድ ላይ ሲታዩ ምርጫዬ እሱ ነው።

6. ከመፈረም በፊት

ሞተሩ ሳይነሳ ሄዳችሁ ኮፈኑን ንኩት። ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ፣ የተደበቀ ኳኳታ የሚሰማው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ነው። የኋላ ጎማዎች የውስጥ ጠርዝ ተበልቶ እንደሆነ በባትሪ እዩ። የሞተሩ ኮምፒውተር ጉልበት ለመጨመር ተነክቶ እንደሆነ መካኒክ ያረጋግጥላችሁ። የምትገዙት ሄልካት ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ቁልፍ ጠይቁ። ቀዩ ሙሉ ጉልበቱን ይከፍታል፣ ጥቁሩ 500 ላይ ይገድበዋል። ጥቁሩን ብቻ ከሰጧችሁ የቀዩን ማሠሪያ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።